ሩሐማ ሞርሳውን አዞረችው

ሩሐማ ዶላሞ ከተወለደች ጀምሮ ግራኝ ናት። እናቷ አረጋሽ ይህን ያወቀችው ልጅቷ ገና እየዳኸች ሳለ፣ የተቀቀለ ጎደሬ ሲሰጧት ሁልጊዜ በግራዋ ስትቀበል አይታ ነው። በግራ መቀበል ነውር ነው፤ በግራ መስጠትም፣ እንግዳ ፊት በግራ መብላትም። አረጋሽ ክፉ እናት አልነበረችም፤ ግን የሰው አፍ ትፈራለች። ስለዚህ ምግብ ሲቀርብ የልጇን ግራ እጅ በጨርቅ ከወገቧ ጋር ሸብ ታደርገው ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ መምህሩ በማስመሪያ አንጓዋን እየመታ የቀረውን ጨረሰ። ሩሐማ በቀኟ መጻፍ ቻለች፤ በቀኟ መብላትም ቻለች። እንሰቱ ውስጥ ስትገባ ግን፣ ማንም በማያያት ቦታ፣ ገጀራውን የምትይዘው በግራዋ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷ ለመሰናዶ ሳይበቃ ሲቀር ሰው ሁሉ ምክር ነበረው። አንዱ ፀጉር ሥራ ተማሪ አላት፤ ሌላው ሆቴል ተቀጠሪ አላት። እሷ ግን የመንደራቸው ጸሎት ቤት ሲሠራ ከጂንካ የመጡት አናጺዎች በር ሲገጥሙ ቆማ አይታ ነበር። ጠዋት ግድግዳው ላይ የነበረው ባዶ ክፍተት፣ አመሻሹ ላይ በአንድ ጣት ሲገፉት የሚዞር፣ ሲዘጉት ቀጭ ብሎ የሚገጥም በር ሆነ። ልቧ እዚያ ቀረ። ጂንካ ወርዳ የእንጨት ሥራና የቤት ዕቃ ገጠማ ስልጠና ተመዘገበች፤ ከአሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ባሻገር ወይዘሮ ብዙወርቅ የሚባሉ ሴትዮ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራየች። ከሰልጣኞቹ መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

አሰልጣኛቸው አቶ ታደለ እጃቸው የተባረከ ባለሙያ ነበሩ። ሁለት እንጨት ሲያገናኙ መጋጠሚያው በዓይን አይገኝም፤ በጥፍር ነው የሚፈለገው። በመጀመሪያው ሳምንት ሩሐማ መጋዙን በግራዋ አንስታ ጣውላው ላይ ስታሳርፍ አዩና ከክፍሉ ጫፍ መጥተው እጇን ያዙት።

“በቀኝሽ” አሏት።

“በግራዬ ነው የሚቀናኝ፣ መምህር።”

“ስሚኝ ልጄ። ሀብታሙ የሚባል ተማሪ ነበረኝ። እንዳንቺ ግራኝ ነው፤ እጁ ግን ወርቅ። ሃና ከተማ ሄዶ አንድ የግል ወርክሾፕ ተቀጠረ። በክብ መጋዙ ላይ እንጨት በግራው ሲገፋ ጣቶቹን እዚያው ጥሏቸው መጣ። ዛሬ ፍየል ይነግዳል። ማሽኑን የሠሩት ለቀኝ ሰው ነው፤ እኔ አይደለሁም የሠራሁት። እዚህ እስካለሽ ድረስ በቀኝሽ ነው የምትሠሪው።”

ጣት የሚባል ነገር ሲነሳ እሺ አለች።

ያ ዓመት ረጅም ነበር። ልኬት ላይ የሚስተካከላት አልነበረም፤ የማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ ይዛ መስመር ስታሰምር አቶ ታደለ ራሳቸው ቆም ብለው ያዩ ነበር። መጋዙ በቀኟ ሲገባ ግን መስመሩን ጥሎ ወደ ጎን ያደላል። እንጨቱን ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ በሁሉም የሥራ ጠረጴዛ ላይ በግራ ጫፍ ነው የታሰረው፤ ለቀኝ ሰው እንዲመች። እሷ እዚያ ስትቆም ትከሻዋ ይጣመማል፣ ክርኗ ማረፊያ ያጣል። ከአጠገቧ የሚሠራው ዮሲ ቀልደኛ ልጅ ነበር። “ግራኝ ዛሬም ጣውላ ፈጀች” ሲል ክፍሉ ይስቃል። እሷም አንዳንዴ አብራ ትስቅ ነበር፤ ክፍሏ ገብታ ስታስበው ግን ያናድዳታል።

የምዘናው ቀን ደረሰ። ሥራው ባለ ሁለት በር የወጥ ቤት ካቢኔት ከነመሳቢያው መሥራት፣ ከዚያም ሌላ አነስተኛ ካቢኔት ግድግዳ ላይ መግጠም ነው። ከሌላ ከተማ የመጡት መዛኝ በየጠረጴዛው እየዞሩ ዝም ብለው ያያሉ። ሩሐማ እንደታዘዘችው በቀኟ ቆረጠች። ሁለቱ የጎን ጣውላዎች እኩል አልሆኑም። እነሱ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ምንም እኩል አይሆንም፤ በሮቹ ተቃቀፉ፣ መሳቢያው ግማሽ መንገድ ገብቶ ተቀረቀረ። በጉልበቷ ብትገፋው ጭራሽ ተነከሰ። መዛኙ መሳቢያውን አንዴ ስበው አዩና አለፉ። ውጤቱ ሲወጣ ዮሲ ብቁ ተባለ፤ እሷ “ገና ብቁ ያልሆነች” ተባለች።

አቶ ታደለ ወደ ጎን ወሰዷት። ሊያጽናኗት ፈልገው ነበር፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

“አትዘኚ። አጨራረስ ላይ ጎበዝ ነሽ። ብርጭቆ ወረቀት መምታቱን፣ ቫርኒሽ መቀባቱን ማን ይችልሻል? በእሱ ብትመዘኚ ታልፊያለሽ። ለሴትም ይመቻል።”

ሩሐማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይናቸውን አየቻቸው።

“መምህር፣ እኔ የወደቅሁት በሌላ ሰው እጅ ነው። በራሴ እጅ ሠርቼ ከወደቅሁ ያን ጊዜ ቀለም እቀባለሁ።”

አቶ ታደለ ፊታቸው ጠቆረ። “ጥጋብ ነው ይሄ” አሉና ትተዋት ሄዱ።

ወደ መንደሯ ስትወጣ እናቷ ከሩቅ አይታ ገባት። ምንም ሳትጠይቅ እግሯን የምትታጠብበት ውኃ አቀረበችላት። ከተቀመጡ በኋላ ግን በቋንቋቸው በአሪኛ ቀስ ብላ ጀመረች።

“ተይው ልጄ። እኛ ጋ መሬት አለ፣ ቡና አለ። እጅሽ እንዲህ መሆኑን እኔ ከልጅነትሽ አውቄዋለሁ። ያሰርኩልሽም ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።”

“ታስሬም ሳቁብኝ፣ እማ” አለች ሩሐማ።

አረጋሽ ጎደሬውን ልጣ ልጣ፣ ሲበቃት ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ “እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?” አለች።

“ምንም አታድርጊ። ወደ ጂንካ ስመለስ ብቻ አታልቅሺብኝ።”

አረጋሽ አለቀሰች፤ ግን ልጅቷ መንገድ ከገባች በኋላ ነው፤ ይህንንም ለሩሐማ የነገረቻት ጎረቤት ናት።

ጂንካ ገበያው አጠገብ ተገኝ የሚባል ሰው አልጋ፣ በርና የሬሳ ሣጥን የሚሠራበት ግቢ ነበረው። ሩሐማ ቀጥታ ሄዳ ሥራ ጠየቀችው። የሠራውን ሁሉ ብርጭቆ ወረቀት ልትመታለት፣ እሱ ደግሞ ጥግ ላይ የወደቀውን አሮጌ ጠረጴዛና ሥራ ሲበርድ ማሽኖቹን ሊያስነካት ተስማሙ።

“ጣትሽ ቢቆረጥ ግን እኔ አላየሁም” አላት ተገኝ።

“ቢቆረጥ ራሴ አንስቼው እሄዳለሁ” አለችው።

መጀመሪያ ያደረገችው ሞርሳውን ነው። አራቱን ብሎኖች ፈትታ፣ ዝገቱን በናፍጣ አስለቅቃ፣ ከግራ ጫፍ ነቅላ በቀኙ ጫፍ አሰረችው። አንዲት ቁራጭ የዋንዛ ጣውላ አስነክሳ መስመር አሰመረችና መጋዙን በግራዋ ያዘች። ትከሻዋ ሳይጣመም ቆመች። መጋዙ ገባ፤ መስመሩን ይዞ እስከ መጨረሻው ወረደ። በስኳድራ ለካችው፤ በስኳድራውና በእንጨቱ መሐል ብርሃን አያልፍም። ሌላ ቆረጠች፤ ያም እንደዚያው ሆነ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። የመጣባት ግን ንዴት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አንገቷን ደፍታ በማይሆን እጅ ስትሠራ መክረሟ አንገበገባት።

የእጅ መሣሪያው ነገር እንዲህ ተፈታ። ማሽኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ሀብታሙን አታውቀውም፤ ጣቶቹ ግን ከዓይኗ አይጠፉም። ስለዚህ ክብ መጋዙን ለረጅም ጊዜ የለመደችው ጠፍቶ እያለ ነው። ለዚህስ የጂንካ መብራት ራሱ ይተባበራት ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የመጋዙ ጥርስ ፊት ቆማ፣ ጣውላ እየገፋች፣ እጇ የት እንደሚያልፍ ታያለች። ቀስ በቀስ ነገሩ ተገለጠላት። ጣውላው ተጠግቶት የሚሄደው መሪ ብረት በጥርሱ ቀኝ ነው ያለው፤ ሰውም በግራ በኩል ቆሞ በቀኙ ይገፋል። ግራኝ ሰው እዚያው ቆሞ በግራው ልግፋ ካለ ክንዱ ጥርሱን ተሻግሮ ያልፋል። መሪውን ወደ ግራ አዛውራ እሷ በቀኝ በኩል ብትቆምስ? ያን ጊዜ እጇ ጥርሱን አይሻገርም። በመግፊያ እንጨት እየገፋች፣ አሁንም ማሽኑ ጠፍቶ፣ ደጋግማ ሞከረችው። ተገኝ ከበር ላይ ሆኖ ያይ ነበር። አንድ ቀን መብራት መጣና ራሱ ማብሪያውን ሊጫን ሄደ።

“ተዘጋጅተሻል?”

“አዎ።”

ጣውላው ተቆርጦ ሲወድቅ ተገኝ ላቡን ጠረገ፤ የቆረጠው እሱ ይመስል።

ክረምቱን እንዲህ ሠራች። ለግቢው ደንበኞች መደርደሪያ ገጠመች፤ የጭቃ ግድግዳ ሆድ እንዳለው፣ በውኃ ልክና በገመድ በሚንጠለጠለው ቱንቢ ካልታየ በዓይን እንደሚያታልል ተማረች። ዳግም ምዘና ሲከፈት ተመዘገበች።

በምዘናው ጠዋት ወይዘሮ ብዙወርቅ እንደ ልማዳቸው ከደጃፋቸው ሆነው መረቋት። “ቀኝ ያውልሽ፣ ልጄ።”

“ዛሬስ ግራ ያውለኝ ይበሉኝ፣ እትዬ” አለቻቸው።

ሴትዮዋ አማተቡ። ከዚያ ሳቁና፣ “እንግዲህ እሱ ያውቃል፤ እንዳልሽው ያድርግልሽ” አሏት።

አቶ ታደለ የወርክሾፑ ኃላፊ ሆነው እዚያው ነበሩ። አዲሱ መዛኝ ጸጋአብ የሚባል ወጣት ነው፤ ቁጥብ፣ ፈገግ የማይል። ሥራ ጀምሩ ሲባል ሌሎቹ ወደ ጣውላው ሄዱ፤ ሩሐማ ብሎን መፍቻ አንስታ ሞርሳውን መፍታት ጀመረች። አቶ ታደለ በፈጣን እርምጃ መጡ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ሞርሳውን ወደ ቀኝ እያዞርኩ ነው፣ መምህር።”

“መልሺው። ይሄ የተቋሙ ንብረት ነው።”

“ስጨርስ እመልሰዋለሁ። አሁን ግን አልመልሰውም።”

ጸጋአብ ቀረበ። ሩሐማ እሱ ሳይጠይቃት ተናገረች። “እኔ ግራኝ ነኝ። ባለፈው በቀኜ ሠርቼ ወድቄያለሁ። ዛሬ የምመዘነው በግራዬ ነው። ከጣላችሁኝም ሥራዬን አይታችሁ ጣሉኝ፤ እጄን አይታችሁ አይደለም።”

“እኔ ከልክያታለሁ” አሉ አቶ ታደለ ወደ ጸጋአብ ዞረው። “በዚህ ምክንያት ጣት ሲሄድ አይቻለሁ። አንተ ካየህ በኋላ ትፈርዳለህ? ካየህ በኋላማ አልቋል።”

ጸጋአብ ወደ ሩሐማ ዞረ። “ማሽኑ ላይ ስትሆኚ ከጎንሽ እቆማለሁ። መጀመሪያ አጥፍተሽ ታሳዪኛለሽ። እጅሽ ወደ ጥርሱ ሲጠጋ ካየሁ አጠፋዋለሁ፤ ምዘናውም እዚያው ያበቃል። ተስማማሽ?”

“ተስማማሁ።”

ክብ መጋዙ ጋ ስትደርስ መሪውን ወደ ግራ አዛወረች፣ በቀኝ በኩል ቆመች፣ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ አንድ ጣውላ እስከ ጫፍ ገፍታ አሳየችው። ጸጋአብ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። አበራች። አቶ ታደለ ፊታቸውን አዞሩ። ሁለቱ የጎን ጣውላዎች ተቆርጠው ጎን ለጎን ሲቆሙ እንደ መንታ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሥራ ብቻ ነው፤ ኮላ፣ ብሎን፣ ማጠፊያ። መሳቢያው በአንድ ጣት ገባ።

ችግሩ የመጣው ካልጠበቀችው ቦታ ነው። ትንሿን ካቢኔት ግድግዳ ላይ ለመስቀል ቀዳዳ መብሳት ነበረባት። ድሪሉን በግራዋ ይዛ ብሎኬቱ ላይ አሳረፈችና ቃታውን ሳበች። ድሪሉ ሳያቋርጥ እንዲዞር የሚያደርገው መቆለፊያ ቁልፍ በጎኑ በኩል ነው፤ በግራ ለሚይዝ ሰው መዳፉ ሥር ይውላል። ሳታውቀው ተጫነችው። ጣቷን ከቃታው ብታነሳም ድሪሉ አልቆም አለ። መብሻው ከምልክቱ ተንሸራተተ፣ ልስኑን እየገነጠለ ሄደ፣ አቧራ ዓይኗን ሞላው። ድሪሉን ሳትለቅ በቀኝ እጇ ገመዱን ተከትላ ከሶኬቱ ነቀለችው።

ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ አየ። አቶ ታደለም አዩ።

ሩሐማ ዓይኗን ጠረገች። ፊቷ ነጭ አቧራ ሆኗል። ድሪሉን አገላብጣ ቁልፉን አየችው።

“ይሄኛውን አላወቅኩትም ነበር” አለች፤ ለማን እንደተናገረች ግልጽ አልነበረም። ከዚያ ወደ ጸጋአብ ዞራ፣ “ቀዳዳው ተበላሽቷል። በእንጨት እደፍነውና መስቀያውን ከፍ አድርጌ እንደገና እለካለሁ። ጊዜ ይወስድብኛል፤ ካላለቀልኝ እንዳላለቀ ይቆጠር” አለችው።

“ቀጥይ” አላት።

ቀሪዎቹን ቀዳዳዎች በቀኟ በሳቻቸው። ድሪል መጋዝ አይደለም፤ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው የሚፈልገው፤ ያን ያህል ቀኟም ይችላል። ማንም አላዘዛትም። ብሎን የሚይዙትን የፕላስቲክ ፊሸሮች በመዶሻ አስገብታ፣ መስቀያውን አስራ፣ ካቢኔቷን አንስታ ሰቀለቻት። ውኃ ልኩ ላይ ያለችው አረፋ መሐል ቆመች። ሌሎቹ መሣሪያ እየሰበሰቡ ነበር። ጸጋአብ ካቢኔቷን በሁለት እጁ ይዞ ክብደቱን ሁሉ ጣለባት፤ አልነቃነቀችም። የተደፈነውን ቀዳዳ ረጅም ጊዜ አየው፤ በመመዘኛ ወረቀቱም ላይ ጻፈው።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከስሟ ፊት ለፊት “ብቁ” ይላል።

ሞርሳውን ልትመልስ ስትገባ አቶ ታደለ ብቻቸውን ነበሩ።

“ድሪሉን አየሽ?” አሏት።

“አየሁ፣ መምህር። ለሚቀጥለው ግራኝ ይንገሩት። ስለማይነግሩን ነው የምንጎዳው፤ ግራኝ ስለሆንን አይደለም።”

“አሁንም ጥጋብሽ አልበረደም።”

“አልበረደም።”

አቶ ታደለ ሊቆጡ ቃጥቷቸው ነበር፤ ግን ቁጣው አልመጣላቸውም። ሞርሳውን መልሳ ስታስር ብሎኖቹን እያቀበሏት፣ “አጥብቂው፤ ላላ ብሎ እንዳገኘው አልፈልግም” ብቻ አሏት። እንኳን ደስ አለሽ አላሏትም። እሷም አልጠበቀችም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተገኝ ዲመካ ከተማ ላይ ለአንድ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ሙሉ ወጥ ቤት የመግጠም ሥራ አገኘ። ዮሲን ቀጥሮት ነበርና፣ “ዮሲ ይመራል፣ አንቺ ታግዢዋለሽ” አላት።

“ካቢኔቶቹን ማን ሠራቸው?” አለች ሩሐማ።

“አንቺ ነሻ።”

“እንግዲያው የማቆማቸውም እኔ ነኝ። ዮሲ ያግዘኝ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ፈልግ።”

ተገኝ ዮሲን አየው። ዮሲ ትከሻውን ሰበቀና፣ “እኔ መሸከሙን እችላለሁ” አለ።

የተፈታቱትን የካቢኔት ጣውላዎች ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በገመድ ጠፍረው በገበያ ቀን ዲመካ ገቡ። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ ከበሩ ላይ ተቀብለው ዕቃው ሲወርድ ካዩ በኋላ፣ “ሠራተኛው የቱ ነው?” ብለው ዮሲን ጠየቁት። ዮሲ በአገጩ ወደ ሩሐማ ጠቆመ።

ሩሐማ ወጥ ቤቱ ገብታ ቱንቢዋን አወረደች። ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘመመ ነበር። የጎን ጣውላውን ከግድግዳው ጋር አስጠግታ፣ የግድግዳውን ጥምዝ በእርሳስ ጣውላው ላይ ገለበጠችና መጋዝ በግራዋ አነሳች። ወይዘሮ ጥሩነሽ በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

“የኔ ልጅ፣ በግራ የተሠራ ቤት… እንግዶች አሉኝ፤ በረንዳ ላይ ሆነው እያዩ ነው። ደግ ምልክት አይደለም ይላሉ። በቀኝሽ ብታደርጊውስ?”

ሩሐማ መጋዙን ከጣውላው ላይ አላነሳችም።

“እማማ፣ እንግዶቹ ደስ ካላላቸው ፊታቸውን ያዙሩ። እኔ እጄን አላዞርም።”

ዮሲ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ጥቂት ከተጠራጠሩ በኋላ ባዶ የቢራ ሣጥን ጎትተው እዚያው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ በረንዳ ላይ ላሉት እንግዶች ወጥ ቤቱ እንዳይታይ ከልለው።

“በይ እንግዲህ ቀጥይ” አሉ። “እኔም ልየው።”